ነጥቡ ሳይጻፍ ማንም አይናገር

ጓደኛሞች ተሰብስበው ክራፍት ቢራ (ትናንሽ ጠማቂዎች በራሳቸው መንገድ የሚጠምቁትን ቢራ) ሲቀምሱ አንድ የማይቀር ነገር አለ። ጠርሙስ ይከፈታል። በየብርጭቆው ትንሽ ትንሽ ይቀዳል። ሁሉም ያሸትታል፣ ፉት ይላል። ከዚያ አንዱ ቀደም ብሎ «ኧረ ይሄ ማንጎ ማንጎ ይላል!» ይላል። በቃ፣ አለቀ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ማንጎ የማይሸተው ሰው አይገኝም። «ጥድ ጥድ ይላል» ሊል የነበረው ቃሉን ይውጥና «እውነትህን ነው፣ ማንጎ ነው» ይላል። ስልክ ይወጣል፣ አንታፕድ የተባለው ለቢራ ነጥብ የሚሰጥበት መተግበሪያ ይከፈታል፣ ከ5 4 ይሰጣል። አራት ሰው የቀመሰው ይመስላል። የቀመሰው ግን አንዱ ነው፤ ሦስቱ የፈረዱት ሰምተው ነው።

ቅምሻውን ለማጣጣል አይደለም። ጓደኛ ሰብስቦ ቢራ ማወዳደር ደስ የሚል ነገር ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። የምቃወመው ቅደም ተከተሉን ነው። መጀመሪያ እንጻፍ፣ ከዚያ እናውራ ነው የምለው። ሁሉም ሰው ወረቀቱ ላይ ሁለት ሦስት ቃልና ነጥቡን እስኪያሰፍር ድረስ ጸጥታ። «ኡ!» ማለት አይቻልም። ፊት ማጨማደድም አይቻልም፤ ፊትም ያወራል። ይህን ስል «ፈተና ልታስቀምጠን ነው እንዴ?» እየተባለ ይሳቅብኛል። ይሳቅ።

ሰው በሰው አፍ እንዴት እንደሚሄድ ያሳየ አንድ የታወቀ ሙከራ አለ። ሰሎሞን አሽ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ያደረገው ነው። ጥያቄው ሕፃን የሚመልሰው ዓይነት ነው፦ ከእነዚህ ሦስት መስመሮች ከዚህኛው ጋር እኩል የሆነው የቱ ነው? ክፍሉ ውስጥ ካሉት ሰዎች ከአንዱ በቀር ሌሎቹ ተማክረው የገቡ ናቸው። ሆን ብለው አንድ ዓይነት የተሳሳተ መልስ ይሰጣሉ። ያልተማከረው ሰው ከሦስት አንዱን ጊዜ ያህል ዓይኑ ያየውን ትቶ ከእነሱ ጋር ተሳሳተ። መልሱን ጮክ ብሎ ከመናገር ይልቅ ለብቻው እንዲጽፍ ሲደረግ ግን አብሮ መሳሳቱ በጣም ቀነሰ። ይሄ እንግዲህ መስመር ነው፣ በማስመሪያ የሚለካ። ለቢራ ሽታ ምን ማስመሪያ አለን?

ከዚህም የሚገርመው በራሱ በቢራ ላይ የተሠራው ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት አለ። መጠጥ ቤት ለነበሩ ሰዎች ሁለት ብርጭቆ ይቀርብላቸዋል። አንደኛው ተራ ቢራ ነው። ሁለተኛው ያው ቢራ ሆኖ ጥቂት ጠብታ የበለሳሚክ ኮምጣጤ ገብቶበታል። ምንም ሳይነገራቸው የቀመሱት አብዛኞቹ ኮምጣጤ ያለበትን መረጡ! ቀድሞ የተነገራቸው ግን አብዛኞቹ አልፈለጉትም። ከቀመሱ በኋላ የተነገራቸውስ? ወሬው ብዙም አልነካቸውም፤ ምንም እንዳልሰሙት ሰዎች ወደ መምረጡ አዘነበሉ።

ወሬው ያው ወሬ ነው፣ ኮምጣጤውም ያው ኮምጣጤ። ልዩነቱ ወሬው ከፉት በፊት መጣ ወይስ በኋላ ነው። ቀድሞ ከመጣ ጣዕሙን ራሱን ይለውጠዋል። ከዘገየ ግን ምላስ ሥራዋን ጨርሳለች። የጓደኛ አስተያየትም ከዚህ አይለይም። ያ «ማንጎ!» ያለው ልጅ ክፋት የለውም፤ ግን ሌሎቹ ገና በአፋቸው የያዙት ቢራ ውስጥ ኮምጣጤውን ጠብ አድርጎበታል።

ማንጎው ውሸት ነው እያልኩም አይደለም። እንዲያውም ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ለቢራ ምሬትና ሽታ የሚሰጠው ሆፕ የሚባለው ተክል ዓይነቱ ብዙ ነው። ሲትራ የተባለው ማንጎና ሌላም የሞቃት አገር ፍራፍሬ ይሸታል። ካስኬድ ደግሞ ግሬፕፍሩት ነው የሚለው። የአሜሪካ ክራፍት ቢራ ስም ያወጣው በአብዛኛው በዚህ በካስኬድ ነው፤ ሴራ ኔቫዳ የተባለው ጠማቂ ከ1980 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሸጠው ፔል ኤል የተባለ ፈዘዝ ያለ ቢራ ሁነኛ ምሳሌው ነው። ችግሩ አንድ ብርጭቆ ውስጥ ማንጎም፣ ጥድም፣ የብቅል ጣፋጭነትም፣ ትንሽ የአልኮል ማቃጠልም አብረው መኖራቸው ነው። ቀድሞ የተጠራው ስም ሌሎቹን ይሸፍናቸዋል። አራት አፍንጫ ይዞ በአንዱ ብቻ መጠቀም ያስቆጫል።

በሙያው ያሉትም ይህን ያውቁታል። ቢጄሲፒ የተባለው የቢራ ዳኞች ማረጋገጫ ድርጅት የሚያሠለጥናቸው ዳኞች መጀመሪያ እያንዳንዳቸው ቅጻቸውን ለብቻ ይሞላሉ፣ ከዚያ ነው የሚወያዩት። ነጥቡ ከ50 ነው። ለሽታ 12፣ ለመልክ 3፣ ለጣዕም 20፣ አፍ ውስጥ ለሚሰጠው ስሜት 5፣ ለአጠቃላይ ግምት 10። መልክ ሦስት ብቻ ማግኘቱን ልብ በሉልኝ። እኛ ጠርሙሱን በአምስት አቅጣጫ ፎቶ አንስተን ጣዕሙን «አሪፍ ነው» ብለን የምናልፍ ሰዎች ነን።

ከጠርሙሱ ከተነሳ ላይቀር እሱንም ደብቁት። አንድ ሰው ማንም በማያይበት ቦታ ሆኖ ይቅዳ፣ ብርጭቆዎቹን ቁጥር ለጥፎባቸው ያምጣ። የጠማቂው ስም፣ ዋጋው፣ ጣሳው ላይ ያለው ሥዕል ሁሉ ከጓደኛ ቀድሞ የሚያወራ ጓደኛ ነው። እልኸኛ ከሆናችሁ ከለሩንም ደብቁት። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ የፈረንሳይ ጥናት ላይ 54 የወይን ጠጅ ተማሪዎች ቀይ ቀለም የተጨመረበትን ነጭ ወይን ጠጅ ለቀይ ወይን በሚነገሩ ቃላት ነበር የገለጹት። ዓይን ካየ አፍንጫ ይከተላል። ለቤት ቅምሻ ግን ይሄ ትንሽ ማብዛት ነው መሰለኝ።

ምን እንጻፍ ለሚለው፣ ከቁጥር ይልቅ ቃል ይበልጣል ባይ ነኝ። «3.75» ብሎ የጻፈ ሰው ከወር በኋላ ምን እንደጠጣ አያስታውስም። «የተቃጠለ ዳቦ፣ መጨረሻው ላይ ይመራል፣ ጋዙ አነሰ» ያለ ሰው ያስታውሳል። ቃሉ የተራቀቀ መሆን የለበትም። «ጭስ ጭስ»፣ «ካርቶን ካርቶን»፣ «ቅቤ ቅቤ» ይበቃል። እነዚህ ደግሞ ዝም ብለው የመጡ ቃላት አይደሉም። ካርቶን ካርቶን የሚል ቢራ ብዙ ጊዜ አርጅቷል ወይም አየር አግኝቶታል። ቅቤ ቅቤ የሚለው ዳያሴቲል ከተባለ ነገር የሚመጣ ነው፤ እርሾው ሲብላላ ያወጣዋል፣ ጊዜ ከተሰጠው ደግሞ መልሶ ይወስደዋል። ጠማቂው ከተቻኮለ እዚያው ይቀራል።

ከእንዲህ ዓይነት የብልሽት ሽታዎች አንዱን እዚያው ቤታችሁ ማየት ትችላላችሁ። ሆፕ የበዛበትን ቢራ በሁለት ንጹሕ ብርጭቆ ቅዱ። አንዱን ቁም ሳጥን ውስጥ አስገቡት፣ ሌላውን ጠራራ ፀሐይ ላይ አቁሙት። ትንሽ ቆይታችሁ ሁለቱን ጎን ለጎን አሽቱ። ፀሐይ ላይ የዋለው ይገማል፤ ፈረንጆቹ ስከንክ ከሚባለው ግማታም እንስሳ ጋር ነው የሚያመሳስሉት። ብርሃን የሆፑን መራራ ነገር ይሰባብረዋል፣ ስብርባሪው ከድኝ ጋር ይዋሃድና ያን ሽታ ይሰጣል። ቡናማ ጠርሙስ ከአረንጓዴውና ከነጩ በተሻለ የሚከላከለው ይህን ነው። ይህን አንድ ጊዜ ያሸተተ ሰው ቀጣዩ ቅምሻ ላይ የማንንም አፍ አይጠብቅም።

በቁጥር ነጥብ መስጠት ሌላም ጣጣ አለው። ደረጃ የሚሰጥባቸውን መተግበሪያዎች የከፈተ ሰው ያውቀዋል፤ ከላይ የሚቀመጡት ከባድ፣ ጥቁር፣ አልኮላቸው ከ10 በመቶ የሚያልፍ፣ በቀላሉ የማይገኙ ስታውቶች ናቸው። ፒልስነር የተባለው ቀለል ያለ ቢራ ምስኪኑ ታች ነው። እ.ኤ.አ. በ1842 ዮሴፍ ግሮል የተባለ ጠማቂ ዛሬ ቼክ ውስጥ ባለችው በፕልዘን ከተማ የጠመቀው ያ ወርቃማ ቢራ የዓለምን አጠጣጥ ለውጧል፤ ስህተት የሚደበቅበት ቦታ ስለሌለውም ለጠማቂ ከሁሉ ይከብዳል ይባላል። ግን አይጮህም። አምስት ቢራ በተከታታይ ሲቀመስ የሚሰማው የሚጮኸው ነው። ስለዚህ ፒልስነርን ከስታውት ጋር ሳይሆን ፒልስነር መሆን ካለበት ጋር አወዳድሩት።

ቢራዎቹ የሚቀመሱበት ተራም ለውጥ ያመጣል። ከቀላሉ ወደ ከባዱ፣ በመሃል ውኃ። የወይን ቀማሾች ይተፋሉ፤ ቢራ ላይ ግን አብዛኛው ሰው ይውጣል። 10 በመቶ አልኮል ያለው ቢራ በ100 ሚሊ ሊትር ብርጭቆ አምስት ጊዜ ከተቀዳላችሁ አንድ ሊትር ተራ ቢራ እንደጠጣችሁ ቁጠሩት። ሞቅ ያለው ሰው ደግሞ ለጋስ ነው፣ የመጨረሻዋ ጠርሙስ ሁልጊዜ «ምርጥ» ናት። ለዚህ መድኃኒቱ የሚቀዳውን ማሳነስና የቢራዎቹን ቁጥር መቀነስ ነው። እርግጥ ማንም መኪና ይዞ አይምጣ።

ከዚያ ወረቀቱ ይገለጥ። ጨዋታው ያኔ ነው የሚጀምረው። የጀርመኗ ባምበርግ የጭስ ቢራ ታዋቂ ነው፤ ብቅሉ የሚደርቀው ቢች በተባለ ዛፍ እንጨት ጭስ ነው። ይህን ቢራ አራት ሰው ዝም ብሎ ቢቀምሰው አንዱ «የተቃጠለ ነገር» ብሎ 1.5 ይሰጣል። ሌላው «የምድጃ ዳር» ብሎ 4.5 ይጽፋል። ቀድሞ የተናገረው የመጀመሪያው ቢሆን ኖሮ ቢራው እዚያው ይሞት ነበር፤ ሁለተኛው ሰውም መውደዱን ሳያውቅ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። አሁን ግን ሁለቱም በጽሑፍ የተያዙ ናቸው፣ ማፈግፈግ የለም። ይከራከራሉ። መልሰው ይቀምሳሉ። አንዱ ሌላውን ሊያሳምነው ይችላል፣ ያ ችግር የለውም። ማሳመን ሌላ፣ ማስቀደም ሌላ።

«ከጓደኛ ጋር ስንሆን ይሄ ሁሉ ሥርዓት ምን ያደርጋል፣ እንዝናና እንጂ» የሚል ይኖራል። ጸጥታው እኮ ለአንድ ብርጭቆ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ቀሪው ምሽት የወሬ ነው። መጻፍ የማይፈልግ ጓደኛ ካለ ደግሞ (ሁልጊዜ አንድ አለ) ቀጂ አድርጉት። ቢራውን የሚያውቀው እሱ ብቻ ስለሚሆን ምሽቱን በሙሉ እየሳቀባችሁ ያመሻል።

ሲያልቅም ጠርሙሶቹን እዩአቸው። ብዙ ጊዜ 4.5 ያገኘው ስታውት ግማሹ ተርፎ፣ 3.25 የተሰጠው ፒልስነር ጠብታ አይገኝበትም። ያኔ ወረቀቱን መልሶ ለማስተካከል እጁን የሚያወጣ ካለ እኔ አልከለክለውም።