ማስተካከያ፦ የወሎው ረሃብ ፊልም እዚህ የታየው መቼ ነው?

ባለፈው ጽሑፌ፣ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ የሠራው ፊልም በጥቅምት 1966 በአገራችን ቴሌቪዥን ታይቶ መንግሥትን አስደነገጠ ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፤ ይቅርታ። ያኔ ያየው የእንግሊዝ ሕዝብ ነው፤ ገንዘብም ያዋጣው እሱ ነው። እዚህ የታየው መስከረም 1 ቀን 1967፣ ንጉሡ ሊወርዱ አንድ ቀን ሲቀራቸው ነው። ያሳየውም ደርግ ነው፣ ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር አቀላቅሎ።

ስህተቴን የነገሩኝ እዚሁ ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል ዓሣ ስንበላ አንድ አባት ናቸው። «ልጄ፣ ያኔ ቴሌቪዥን ያለው ማን ነበር?» አሉኝ፣ እሾሁን ቀስ ብለው እየለቀሙ። እውነታቸውን ነው። ደግሞም ከፊልሙ በፊት፣ በ1965፣ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ያነሱትን ፎቶ ግቢያቸው ውስጥ ለሕዝብ አሳይተዋል። ቀድመው የጮኹት እነሱ ናቸው። ሳላነሳቸው ማለፌ በጣም ቆጭቶኛል።