ጉማሬው በስንት ሰዓት ይወጣል?

ትናንት ማታ የመጀመሪያዋን ጉርሻ ጠቅልዬ ወደ አፌ ሳስጠጋ ስልኬ ጮኸ። አዲስ አበባ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ጉማሬው በስንት ሰዓት ነው የሚወጣው?» ይላል መልእክቱ። «እንዴት አመሻችሁ» የለም፤ «ልጆች ደህና ናቸው?» የለም። ጉማሬው ብቻ። መስኮት ቁጥር ሦስት ላይ የሚቀመጥ፣ ከምሳ በኋላ ስብሰባ የሚገባ አንድ የታወቀ ጉማሬ ያለ ይመስል።

ጉርሻውን መልሼ ትሪው ላይ አኖርኩት። ባለቤቴ «ምነው?» አለችኝ። «ጉማሬ» አልኳት። አሥራ ስምንት ዓመት አብራኝ ኖራለችና ሌላ አልጠየቀችም፤ ዓሣውን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ መብላቷን ቀጠለች።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። እኛ ዘመዳሞች ጎርጎራ ልንሄድ ካቀድን ሦስት ዓመት ሊሞላን ነው። ባሕር የሌላት አገራችን ባሕር ዳር የምትባል ከተማ አለቻት፤ በዚህ የሚስቅ እንግዳ አጋጥሞኝ ያውቃል። ይሳቅ። ርዝመቱ 80 ኪሎ ሜትር የሚያልፍ ውኃ ባሕር ካልተባለ ምን ሊባል ነው? ጎርጎራ የዚህ ባሕር ማዶ ናት፤ በሰሜኑ ዳርቻ፣ ደምቢያ ውስጥ። ደብረ ሲና ማርያም ከነጥንታዊ ሥዕሎቿ እዚያ ናት። ፋሲል ጎንደርን ከመቆርቆራቸው በፊት አባታቸው ዐፄ ሱስንዮስ በዚያ ዙሪያ ከትመው ነበር። ወፉም እዚያ ነው፤ ርቃ በመቀመጧ ጸጥታውም እዚያ ነው። ይህን ሁሉ አሳምሬ የምነግራችሁ እኔ፣ ዕድሜ ልኬን ጣና ዳር ኖሬ፣ ጎርጎራን በዓይኔ አይቻት አላውቅም። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የተባለው ለእኔ ነው።

ከዚህ ዳር እዚያ ዳር ለመሻገር የሚያስፈልገው አንድ ጀልባ፣ አንድ ቀንና ትንሽ ስንቅ ነበር። እኛ ግን መጀመሪያ ኮሚቴ አቋቋምን። አሥራ አራት ሰው ነን። ሰብሳቢ አለን፣ ምክትል ሰብሳቢ አለን፣ ጸሐፊ አለን፣ ገንዘብ የሌለው ገንዘብ ያዥ አለን። ቴሌግራም ላይ ቡድን ተከፈተ። የመጀመሪያው አጀንዳ የቲሸርት ቀለም ሆነና ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ወጣቶቹ ጥቁር ይሁን አሉ። እትዬ «ለለቅሶ ነው እንዴ የምንሄደው?» ብለው ነጭ አሉ። አንዱ ነጭ ጀልባ ላይ ይቆሽሻል ብሎ ተቃወመ። በመጨረሻ ማንም ያልፈለገው ብርቱካንማ በድምፅ ብልጫ አለፈ፤ «ጎርጎራ» ተብሎ ከነዓመተ ምሕረቱ ታተመበት። ቲሸርቱ ደረሰን። ጎርጎራ አልደረስንም።

አሁን ቲሸርቱን ለብሼ ዳቦ ልገዛ ስወጣ የሰፈር ሰው «ጎርጎራ እንዴት ነበረች?» ይለኛል። መጀመሪያ መጀመሪያ ቆሜ አስረዳ ነበር። አሁን «ደህና ናት፣ ሰላም ብላችኋለች» እልና አልፋለሁ።

አያቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ማለት ትወድ ነበር። እኔም እንደ እሷ እወደዋለሁ። ሽታ አለው፣ ቀለም አለው፣ ሒሳቡም ልክ ነው። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ይህን የተናገረው ሰው ሃምሳ ሎሚ ነበረው። እኛ ያለን አንድ ሎሚና ሃምሳ ሰው ነው። አንድ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ሲደርስ ጌጥ መሆኑ ይቀርና አጀንዳ ይሆናል። አንዱ «እኔ በሌለሁበት ለምን ተቆረጠ?» ይላል። ሌላው ዝም ብሎ ሻዩ ውስጥ ይጨምቀዋል። አንዷ ደግሞ «ሎሚ ለጨጓራዬ አይስማማኝም፤ ያለ እኔ ከበላችሁ ግን ቅር ይለኛል» ትላለች። ይህችኛዋን በስም አልጠራትም፤ በዓል እየመጣ ነው።

ሎሚ ካነሣን አይቀር፣ ድሮ በጥምቀት ጎረምሳ የወደዳትን ልጅ በሎሚ ይወረውራት ነበር። አንድ ሰው፣ አንድ ሎሚ፣ አንድ ውሳኔ። ሎሚው የት እንደሚያርፍ ድምፅ አልተሰጠበትም፤ ስንት ትዳር ከዚያ ወጣ! የእኛ ኮሚቴ ቢሆን ኖሮ ልጅቷ አርጅታ፣ ሎሚው ደርቆ፣ ጉዳዩ ለሚቀጥለው ጥምቀት ይተላለፍ ነበር።

ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ወፎቹ ናቸው። በየዓመቱ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከሩሲያ ምድር የተነሡ ግራጫ ሽመላዎች (እኔ እግሩ የረዘመውን ሁሉ ሽመላ ነው የምለው፤ ሊቃውንቱ ይቅር ይበሉኝ) ባሕርና በረሃ አቋርጠው ጣና ዙሪያ ይወርዳሉ። ቀን ማሳ ላይ ከአጨዳ የተረፈውን እህል ይለቅማሉ፤ ማታ ጥልቀት በሌለው ውኃና በረግረጉ ውስጥ ቆመው ያድራሉ። በጋው ሳያልቅ ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። ቲሸርት የላቸውም፣ ምክትል ሰብሳቢ የላቸውም። በዚያው ዓመት የተፈለፈለው ልጅ ሳይቀር እናት አባቱን ተከትሎ ይህን ሁሉ አገር በርሮ ይመጣል። የአክስቴ ልጅ አርባ ዓመቱ ነው።

ወፍ ክንፍ አለው ትሉኝ ይሆናል። እሺ፣ ጣናነሽ ሁለትስ? ይህች መርከብ ከጅቡቲ ወደብ ተነሥታ፣ ተሽከርካሪ ላይ ተጭና፣ አቀበቱን ወጥታ ቁልቁለቱን ወርዳ ነው ጣና የደረሰችው። መርከብ! በየብስ! «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ሲባል ሰምቼ አድጌአለሁ፤ መኪና መርከብ ተሸክሞ ተራራ ሲወጣ ግን ተረቱ ራሱ አፉን የያዘ ይመስለኛል። እንግዲህ መርከብ በእግሯ መጥታ ከገባች፣ በአውሮፕላን ከአንድ ሰዓት የማይበልጥ መንገድ ያለው ዘመድ ምን ይዞት ቀረ? መንገዱ ሰላም ነው ወይ ብሎ የሚጠይቀውን አልቆጣውም። የሚጠየቅ ጥያቄ ነው፤ እኔም ከቤቴ ስወጣ እጠይቃለሁ። እኔን የሚያበግነኝ ቀኑ ከተቆረጠ፣ ጀልባው ከተያዘ፣ ቀብድ ከተከፈለ በኋላ «ሆቴሉ ግን መዋኛ ገንዳ አለው?» ብሎ የሚቀረው ነው። በአገሪቱ ትልቁ ሐይቅ ዳር ተቀምጦ ገንዳ!

ቀብዱን የከፈልኩት እኔ ነኝ፤ ይህም ይመዝገብ።

ወፍ ሳነሣ ደግሞ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ፤ ባይለኝ ይሻል ነበር። የሩቅ ማያ መነጽር ነበረችኝ። ለጎርጎራ ወፎች ብዬ ነበር የገዛኋት፣ ኮሚቴው ከመወለዱ በፊት፣ ብቻዬን ልሄድ በማስብበት በደጉ ዘመን። ሰባት ዓመት ሆነው፤ አንድ ጎረቤቴ «ስታዲየም ለአንድ ጨዋታ» ብሎ ወሰዳት። ጨዋታው ዜሮ ለዜሮ አለቀ፤ መነጽሯ አልተመለሰችም። ስጠይቀው «ውይ፣ ረስቼው! ቅዳሜ አመጣታለሁ» ይላል። በሰባት ዓመት ውስጥ ከ360 በላይ ቅዳሜ አለ፤ ቆጥሬዋለሁ። ባለፈው ወር በረንዳው ላይ ቆሞ በገዛ መነጽሬ የእኔን ግቢ ሲያይ ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። አላፈረም፤ እጁን አውለበለበልኝ። ከዚህ ሰው ጋር በአንድ እድር ነን፤ ስለዚህ ልቀብረው እንጂ ልከሰው አልችልም።

ደግሞስ መምጣት ሁሉ መምጣት ነው? ከኮሚቴው ሁለቱ አንድ ጊዜ ለሠርግ መጥተው ነበርና፣ እንግዳ ነው ብዬ ሥራ ፈትቼ በፎገራ በኩል ወደ ዳርቻው ወሰድኳቸው። ወፍ ላሳይ ነበር። ከመኪና እንደወረዱ አንዷ እልል ልትል ምንም አልቀራትም። «ጋሼ፣ ይህ አበባ እንዴት ያምራል!» ውኃውን እንደ ምንጣፍ የሸፈነው ሐምራዊ አበባ ፊት ቆማ አሥር ፎቶግራፍ ተነሣች፤ «ውቢቷ ጣና» ብላ ለቀቀችው። ከዚያ ዞር ብላ «ችግኙን ወስጄ በረንዳዬ ላይ ልትከለው?» አለችኝ።

እምቦጭ ነበር።

እዚህ ላይ መቀለድ ያቅተኛል። መነሻው ደቡብ አሜሪካ የሆነ፣ ሲመቸው በሁለት ሳምንት እጥፍ የሚሆን አረም ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ2011 ጀምሮ ስሙ ከጣና ስም ጋር አብሮ ይጠራል። የደምቢያና የፎገራ ገበሬ እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ ገብቶ፣ አልቅት እየነከሰው፣ በባዶ እጁ ነቅሎታል፤ የነቀለው ተመልሶ ሲበቅል አይቶ እንደገና ገብቷል። ከታች ያለው ዓሣ ተራ ዓሣ መስሎ እንዳይታያችሁ፤ እኛ ሁሉንም ነጭ ዓሣ ብለን ከምንጠብሰው ውስጥ በዓለም ላይ ሌላ ውኃ የማያውቃቸው ወደ 15 የሚጠጉ ዝርያዎች አሉ። ይህን ሁሉ ነገርኳት። «ኧረ?» አለችና ፎቶግራፉን ስንት ሰው እንደወደደው አየች። ምሳ ሰዓት ላይ ሐይቁ ዳር ተቀምጠን፣ ጠባሹ ከመረብ የወጣ ቆረሶ ይዞ እየመጣ፣ ክትፎ አዘዘች።

ልብ በሉ፣ እምቦጩም ቢሆን ከዚያ ሁሉ አገር ሲመጣ ኮሚቴ አላስፈለገውም።

ሰብሳቢያችንን ሳልነካው ብተወው ደግሞ ቅር ይለኛል። ጎርጎራን አይቷት አያውቅም፤ ማስረዳት ግን ይወዳል፤ በየሳምንቱ ስለ ጎርጎራ ሦስት ገጽ ይጽፍልናል። ይህም ቢሆን አዲስ አይደለም። ፔድሮ ፓኤዝ የሚባለው ቄስ በፈረንጆቹ 1618 የዓባይን ምንጭ ግሽ ላይ አይቶ ጻፈ፤ በ1622 እዚያው ጎርጎራ ሞተ። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ ጄምስ ብሩስ መጣና «ከአውሮፓ ቀድሜ የደረስኩት እኔ ነኝ» ብሎ ሙግት ገጠመ። የሰከላ ሰው ከምንጩ እየቀዳ ሲጠጣ የኖረ መሆኑን ሁለቱም ብዙ ያሰቡበት አይመስለኝም። ብሩስ ቢያንስ መጥቷል። የእኛው ሰብሳቢ መገናኛ ተቀምጦ ነው የሚያገኘው።

«ወጡ ቀዘቀዘ እኮ፤ መልስለትና ብላ» አለች ባለቤቴ።

ስልኩን አነሣሁ። ቁጣዬ ትኩስ ነበርና መልሱን ረዘም አድርጌ ጀመርኩት። «ጉማሬ የመንግሥት ሠራተኛ አይደለም» አልኩ። ጎርጎራ ድረስ መሄድም አያስፈልግህም፣ ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ ወደሚጀምርበት ብትወርድ ታገኘዋለህ አልኩ። ቀን ቀን ቆዳው ፀሐይ ስለማይችል ውኃ ውስጥ ተዘፍቆ ይውላል፤ ብትታደል ጆሮውን፣ ዓይኑንና አፍንጫውን ብቻ ታያለህ አልኩ። ጀምበር ስትጠልቅ ወደ ሣሩ ይወጣል፤ ሌሊቱን እስከ 40 ኪሎ ግራም ሣር ግጦ ሳይነጋ ወደ ውኃው ይመለሳል፤ በዚያ ሰዓት መንገዱ ላይ ከቆምክ ደግሞ እንደ ኮሚቴ አይመካከርም ብዬ ጻፍኩና እጄ ቆመ።

ይወጣል፤ ሰዓትም አለው። በሦስት ዓመት ውስጥ ከዚህ ቡድን የመጣው መልስ ያለው ብቸኛ ጥያቄ ይህ መሆኑ ነው። የጻፍኩትን ሁሉ አጠፋሁ። ትንሽ አፈርኩ መሰለኝ፤ ብዙ ግን አይደለም።

«ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ» ብዬ ላክሁለት።

ጉርሻዬን ሳነሣ መልሱ መጣ፤ «በእኛ ነው በፈረንጅ? ደግሞ ጋሼ፣ አዲሱ ቲሸርት ላይ ጉማሬ ይሳልበት የሚል ሐሳብ ቀርቧል፤ እስከ ዓርብ ድምፅ እንድትሰጥ።»