«ቪንቴጅ» ውስጥ ዕድሜ የለም
«ቪንቴጅ ማለት ያረጀ ነው፤ መጨረሻው ላይ ያለው ‹ኤጅ› ዕድሜ ማለት ነው» ላልከው እርማት አለኝ ወንድሜ። ድምፁ ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል። ቃሉ ግን የመጣው ከወይን እርሻ ነው። በላቲን የወይን ለቀማ «ቪንዴሚያ» ይባላል፤ «ቪኑም» ወይን፣ «ዴሜሬ» ደግሞ ማንሳት፣ መልቀም። ወደ እንግሊዝኛ የገባው በፈረንሳይኛ በኩል ነው። ጠርሙስ ላይ «ቪንቴጅ 2022» ካየህ ፍሬው የተለቀመበት ዓመት ነው እንጂ ወይኑ አሮጌ ነው ማለት አይደለም። እኔን በጣም የሚገርመኝ ይሄ ነው፤ ቃሉ ሲጀመር ስለ ትኩስ ፍሬ ነበር! «የዚያ ዘመን ምርት» በሚል ለመኪናና ለልብስ የዋለው ቆይቶ ነው። በእንግሊዝ የድሮ መኪና ወዳጆች ዘንድማ ቪንቴጅ የሚባለው ከ1919 እስከ 1930 እ.ኤ.አ. ድረስ የተሠራው ብቻ ነው።