ላም አለኝ በሰማይ

ጥናት የምትሠሩ፣ ጥናት የምታማክሩ፣ የሌላውን ጥናት የምትገመግሙ ወገኖቼ፣ ይህ ቁጣ የእናንተ ነው። እኔም ከእናንተው ወገን ነኝና ድርሻዬን ይዤ ነው የምናገረው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤልሰቪየር የተባለው ትልቅ የጆርናል አሳታሚ ለጸሐፊዎች በሚያቀርበው መመሪያና ቴምፕሌት (እየተካ የሚጻፍበት የናሙና ጽሑፍ) ውስጥ የዋቢ አጻጻፍን የሚያሳዩ ምሳሌዎች ነበሩ። ከእነሱ አንዱ ቫን ደር ጌር፣ ሃንራድስና ሉፕተን የተባሉ ሦስት ሰዎች ጻፉት የተባለ መጣጥፍ ነው። ርእሱ በእኛ ቋንቋ «ሳይንሳዊ ጽሑፍ የመጻፍ ጥበብ» እንደማለት ነው። የጆርናሉ ስም በምሕጻረ ቃል ሰፍሯል፤ ቅጹ 163፣ ገጹ ከ51 እስከ 59። ምንም አልጎደለውም፣ መጣጥፉ ራሱ ካለመኖሩ በቀር። ነጠላ ሰረዝ የት እንደሚገባ፣ ዓመቱ ከስም ቀጥሎ እንዴት እንደሚቀመጥ ለማሳየት ተብሎ የተፈጠረ ምሳሌ ነበር።

ይህ ያልተጻፈ ጽሑፍ ወደ 400 በሚጠጉ የታተሙ ጽሑፎች ውስጥ ዋቢ ሆኖ ተገኘ። በላይደን ዩኒቨርሲቲ በጡረታ የተሰናበቱት የስታቲስቲክስ ፕሮፌሰር ፒተር ክሮነንበርግ በአጋጣሚ ዓይናቸው አረፈበትና ጽሑፉን ፈለጉት፤ አጡት። ጉዳዩን የተከታተሉት አን-ዊል ሃርዚንግ የተባሉ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2017 ታሪኩን ለሕዝብ አወጡት። ከጠቃሾቹ አብዛኞቹ ለጉባኤ የቀረቡ ጽሑፎች ነበሩ።

ቆዩ፣ አትሳቁ። ብዙዎች ስቀውበት አልፈዋል፤ እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም።

አንድ ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት በስንት እጅ እንደሚያልፍ ቁጠሩ። ሦስት ተባባሪ ጸሐፊዎች፣ ሁለት ገምጋሚዎች፣ አንድ አርታኢ ብንል እንኳ ስድስት ጥንድ ዓይን ነው። ይህንን በ400 ብታበዙት 2,400 ይሆናል። ያ ሁሉ ዓይን በአንድ መስመር ላይ ሄደ፣ መስመሩንም እንደተጨፈነ አሳለፈው። ደግሞ ሊያነቃ የሚችል ምልክት አልጠፋም ነበር። በአንዳንዱ ዝርዝር ዓመቱ 2000 ነው፣ በሌላው 2010፤ ቅጹ ግን በሁለቱም 163፣ ገጹም ያው ነው። አሥር ዓመት ሙሉ ከአንድ ቅጽ ያልተላቀቀ ጆርናል የት አለ?

እንዴት እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ጸሐፊው ቴምፕሌቱን ይከፍታል፤ የናሙናውን ርእስ አጥፍቶ የራሱን ይጽፋል፤ የናሙናውን አንቀጽ አጥፍቶ የራሱን ይለጥፋል። መጨረሻው ገጽ ሲደርስ ሌሊቱ ተጋምሷል፣ የማስረከቢያው ሰዓት ደርሷል። የራሱን ዋቢዎች ከናሙናው አጠገብ ይደረድርና ናሙናውን ሳይሰርዝ ይልከዋል። ወይም ደግሞ መመሪያው በተጻፈበት ቋንቋ ብዙም የማይተማመን ሆኖ፣ «ይህን ጥቀስ ብለውኛል» ብሎ ይተወዋል። የኋለኛው ሲታሰበኝ ቁጣዬ ይበርድና ልቤ ይሰበራል። ርእሱን መለስ ብላችሁ እዩት፤ ሳይንሳዊ ጽሑፍ የመጻፍ ጥበብ! ለዚያ ሰው በእውነት የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ ጽሑፍ ነበር። የተሰጠው ግን ስሙ ብቻ ነው፤ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

«ማንን ጎዳ?» የሚሉ አሉ። ዋቢ ማለት ዋስ ነው። «ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ካላመናችሁኝ እሱን ጠይቁት» ተብሎ የሚቆም ሰው ነው። ዋስ አለኝ ብሎ ያልተወለደ ሰው ስም የሚያስመዘግብ ተበዳሪ ምን ይባላል? እኛ ደግሞ ዋሱን ሳናይ የፈረምን ጸሐፊዎች ነን። ይህን ስል «እኛ» ያልኩት ለጨዋነት አይደለም። ረቂቅ ሲሰጠን አኅጽሮቱን፣ ማለትም የጥናቱን ጭምቅ ሐሳብ፣ አንብበን፣ ሰንጠረዡን ገረፍ አድርገን፣ ዋቢው ላይ ስንደርስ ብዛቱን ቆጥረን ብቻ የምንመልስ ሰዎች ነን። በኅዳጉ ላይ የምንጽፈውም «ቋንቋው ይስተካከል» ነው። የቱ ዓረፍተ ነገር፣ ለምን፣ እንዴት? ዝም።

እንግዲህ ሳንናገር የቀረነውን ልናገረው።

ጽሑፍ በሚነበብበት ቅደም ተከተል አይጻፍም። መጀመሪያ የሚሠሩት ሰንጠረዡና ምስሉ ናቸው፤ ግኝቱ በእነሱ ካልተነገረ በቃል አይነገርም። ስድስት ሰባት ከደረሱ ምናልባት ሁለት ጽሑፍ በአንድ ከረጢት ታጭቋል። ቀጥሎ የጥናቱ ዘዴ ይጻፋል፤ ናሙናው ስንት ነው፣ ማን ገባ፣ ማን ቀረ፣ በምን ምክንያት፣ በምን ተለካ፣ ሶፍትዌሩ የትኛው እትም ነው። መመዘኛው አንድ ነው፤ ጸሐፊውን የማያውቅ የሙያው ሰው ይህን ክፍል ብቻ ይዞ ሥራውን ሊደግመው መቻል አለበት። በውጤቱ ክፍል «ልዩነት ታይቷል» ማለት አይበቃም። ልዩነቱ ስንት ነው? የ95 በመቶው የመተማመኛ ክልል፣ ማለትም እውነተኛው ልዩነት ይገኝበታል ተብሎ የሚገመተው ክልል፣ ከየት እስከ የት ይደርሳል? ፒ ቫልዩው (እውነተኛ ልዩነት ባይኖር እንኳ ይህን ያህል ወይም የበለጠ ልዩነት በአጋጣሚ የሚታይበት ዕድል) ከ0.05 ስላነሰ ብቻ ግኝቱ ትልቅ አይሆንም፤ ናሙናው በብዙ ሺህ ሲቆጠር ለማንም የማይጠቅም ኢምንት ልዩነትም ያችን መስመር ያልፋል።

የውይይቱ የመጀመሪያ አንቀጽ ዋናውን ግኝት በሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ይናገር እንጂ መግቢያውን አይድገም። ከዚያ ከሌሎች ሥራዎች ጋር የት እንደሚገጥም፣ የት እንደሚጋጭ፣ ስለ ምን እንደተጋጨ ይምጣ። ስለ ድክመቱ ሲጻፍ «ናሙናው አነስተኛ ነበር» ብሎ መሄድ ኑዛዜ እንጂ ትንታኔ አይደለም። ድክመቱ ውጤቱን ወደ የት እንደሚገፋው፣ ከፍ አድርጎ ወይስ ዝቅ አድርጎ እንዳሳየው ካልተነገረ አንባቢው ምንም አልተጠቀመም።

መግቢያው ከዚህ ሁሉ በኋላ ይጻፋል፤ ሦስት አራት አንቀጽ ይበቃዋል። ችግሩ፣ እስካሁን የታወቀው፣ ያልታወቀው፣ ይህ ጥናት የሚሠራው። «በዚህ ርእስ ላይ ብዙ ጥናት አልተደረገም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ክፍተት አያሳይም፤ ብዙ ጊዜ የሚያሳየው ጸሐፊው አለመፈለጉን ነው። ክፍተት የሚታየው ማን ምን እንደሠራና የት ላይ እንደቆመ ሲነገር ነው። አኅጽሮቱ የመጨረሻው ነው፤ በብዙ ጆርናሎች ከ250 ቃል ገደማ አይበልጥም። በውስጡ ያለው እያንዳንዱ ቁጥር ከሰንጠረዡ ጋር ይመሳከር። ሰንጠረዡ ሲታረም አኅጽሮቱ ስለሚረሳ ሁለቱ የተጣሉበት ጽሑፍ ብዙ ነው።

ዋቢው ግን ለመጨረሻ የሚቆይ ሥራ አይደለም። ዓረፍተ ነገሩ በተጻፈበት ደቂቃ ምንጩ ከነገጹ በረቂቁ ላይ ይሰካ። «በኋላ አስገባዋለሁ» የምትለዋ ቃል ናት ቫን ደር ጌርን በር ከፍታ ያስገባችው። እንደ ዞቴሮ ያሉ ዋቢ የሚሰበስቡና የሚደረድሩ ፕሮግራሞች ድካም ይቀንሳሉ፤ ነገር ግን ከድረ ገጽ የሳቡትን ስሕተትም እንዳለ ይዘው ይመጣሉ።

ሳያነቡ መጥቀስ ደግሞ የጥቂቶች ነውር አይደለም። ሲምኪንና ሮይቾድሁሪ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ወደ 4,300 ጊዜ የተጠቀሰን አንድ የፊዚክስ ጽሑፍ ይዘው የዋቢ ስሕተቶቹን ለቀሙ። በ196 ጥቅሶች ላይ ስሕተት አገኙ፤ ተለይተው ሲቆጠሩ ግን 45 ዓይነት ብቻ ነበሩ። አንዱ የገጽ ቁጥር ስሕተት ብቻውን 78 ጊዜ ተደግሟል። ሰባ ስምንት ሰው በየግሉ አንድ ዓይነት ስሕተት አይሳሳትም፤ አንዱ ከሌላው ዝርዝር ይገለብጣል እንጂ። ዛሬ ደግሞ ጽሑፍ የሚያመርቱ ማሽኖች መጥተዋል፤ ደራሲ፣ ርእስ፣ ቅጽና ገጽ አሳምረው የሌለ ዋቢ ይፈጥራሉ። ቫን ደር ጌር አንድ ነበር፤ አሁን ልጆች ወልዷል።

ምርመራው ረጅም አይደለም። የዋቢውን ዲ.ኦ.አይ (ለእያንዳንዱ ጽሑፍ የሚሰጠውን የኢንተርኔት መለያ ቁጥር) ከፍታችሁ ያንኑ ጽሑፍ ማምጣቱን እዩ፤ የሐሰት ዋቢ የሌላ ሰው ትክክለኛ ቁጥር ለጥፎ ሊመጣ ስለሚችል መከፈቱ ብቻ አይበቃም። ስሞቹን ከነቅደም ተከተላቸው፣ ዓመቱን፣ ቅጹን፣ ገጹን አመሳክሩ። ጽሑፉ ከታተመ በኋላ ተሰርዞ እንደሆነ ተመልከቱ። በመጨረሻ ገጹን ግለጡና በእርግጥ እናንተ ይላል ያላችሁትን ይል እንደሆነ አንብቡ። ብዙው ጽሑፍ የሚወድቀው እዚህኛው ላይ ነው፤ ምንጩ «ሊሆን ይችላል» ያለውን ጠቃሹ «ተረጋግጧል» ይለዋል። የገጹ ንባብ የራሱን ጊዜ ይፈልጋል። ሌላው ለአንድ ዋቢ ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ፣ ሠላሳ ዋቢ ላለው ጽሑፍ አንድ ሰዓት ነው። ለወራት ለተደከመበት ሥራ አንድ ሰዓት!

ሁሉም ያደርገዋል ብዬ አልጠብቅም። ይህን ተግሳጽ አንብቦ ነገ ያንኑ ቴምፕሌት የሚከፍት አይጠፋም፤ ስለ ሰው ትጋት ብዙ ተስፋ ያደርግ የነበረው ልቤ ደክሟል። ቢሆንም ያ ሁሉ ሰው ያለፈውን መስመር አንድ ጡረተኛ ፕሮፌሰር ቆም ብለው ፈልገውታል። ስለዚህ የምለምነው ትንሽ ነው። ከእናንተ አንዱ ዛሬ ማታ የተማሪውን ረቂቅ ከመጨረሻው ገጽ ጀምሮ ያንብብ። ሁሉንም ማየት ቢከብደው ሦስት ዋቢ ብቻ ያጣራ፤ አንድ ከላይ፣ አንድ ከመሐል፣ አንድ ከታች። የታችኛውን አይዝለል። በላቲን ፊደል ተራ ቫን ደር ጌር የሚቀመጠው እዚያ ነው።