ያለ ትኬት የሚገባው ድቡልቡል ሰው

ባለፈው እሑድ አራት ሆነን ቡና ስንጠጣ አንድ የጥንት የፈረንሳይ ፊልም አከራከረን። ረጅም ዘመን ፈረንሳይኛ ያስተማሩ አዛውንት ጆርጅ ሚልተን የተባለውን ዘፋኝ ቀልደኛ በኮምፒውተር ከፍተው አሳዩን። ፊልሙን እ.ኤ.አ. በ1930 የሠራው ፒየር ኮሎምቢዬ ነው፤ ርእሱ «ያለ ትኬት ሾልከው የሚገቡ ሰዎች ንጉሥ» እንደ ማለት ነው። ሚልተን የሚጫወተው ቡቡል የተባለውን ሰው ነው። በእኛ አፍ «ድቡልቡሌ» ቢባል ልክ ይመጣል፤ አጭር፣ ክብ፣ ከበር ሲያባርሩት በሌላ በር የሚገባ ሰው ነው።

በፊልም ቅንብር የሚተዳደረው ወጣት ብዙም አልታገሠም። «ጋሼ፣ ይህ እኮ ቴአትር ነው። ካሜራው እንደ ችካል ተተክሏል፤ ታሪኩም ዘፈን በመጣ ቁጥር ቆሞ ይጠብቃል» አለ። አዛውንቱ የዘመኑን መሣሪያ ድክመት ሊያነሡ ሲሉ ቀደማቸው። «ፈረንሳዊው የፊልም ሠሪ ረኔ ክሌር በዚያው ዓመት ‹ከፓሪስ ጣራዎች ሥር›ን ሠርቷል። ሰዎቹ ከመስታወት በር ወዲያ ሲነጋገሩ እናያቸዋለን እንጂ አንሰማቸውም። ዝምታን በድምፅ ፊልም ውስጥ መጠቀም ያወቀ ሰው በዚያ ዘመን ነበረ ማለት ነው።»

አዛውንቱ አልተቆጡም። «ሚልተንን መድረክ ነው ያሳደገው፤ ከፓሪስ ርቆ የሚኖር ሰው ድምፁን በሸክላ ይሰማዋል እንጂ ፊቱን የት አይቶት? ድምፅና ፊት አንድ ላይ የመጡለት በዚህ ፊልም ነው። ሕዝቡ ታሪክ ሊከታተል አልገባም፤ ‹ሴ ፑር ሞን ፓፓ› (ለአባቴ ነው) የተባለውን ዘፈኑን ሲዘፍን ሊያየው ነው የገባው» አሉ። ቀጥለውም፣ መድረክ የለመደ ቀልደኛ ቀልዱን ከጣለ በኋላ ለሣቁ ጊዜ እንደሚተው አስረዱን። «ያንን ጊዜ የሚሞላው አዳራሹ ነው። አንተ ብቻህን በዚች ትንሽ ስክሪን ስታየው ባዶ ሆኖ ይታይሃል፣ ልጄ።»

እዚህ ላይ ወጣቱ ተረታ እላለሁ። የክሌርን ጥበብ እኔም እወዳለሁ፤ ነገር ግን አንድን ፊልም ላልተሠራበት ነገር መውቀስ አግባብ አይደለም።

ነገሩን ያከረረችው በትርጉም ሥራ የምትተዳደር ወዳጃችን ናት። «እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ቆይቶ የወጣውን ሌላውን የቡቡል ፊልምስ ምን ይሉታል፣ ጋሼ?» አለች። በዚያ ፊልም ቡቡል አፍሪካ ሄዶ የጥቁሮች ንጉሥ ይሆናል፤ ጥቁሮች የተጠሩበት የርእሱ ቃልም ስድብ ነው። አዛውንቱ «የዘመኑ አስተሳሰብ ነው» አሉ። እሷ ግን አለቀቀቻቸውም። «ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ሲጭኑ ፈረንሳይን ወክሎ አዲስ አበባ የመጣው ማርሻል ፍራንሼ ዴስፔሬ አልነበረም? እዚህ ማርሻል ልከው ለጥቁር ንጉሥ እጅ የነሡ ሰዎች፣ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የጥቁር ንጉሥ መሳቂያ ሆኖ ሲቀርብላቸው አላወቁም እንበል?» አዛውንቱ ሲኒያቸውን ሳያስቀምጡ፣ ሳይጠጡም፣ ብዙ ቆዩ።

እኔ ከእሷ ጋር ነኝ። በመጀመሪያው ፊልም ገንዘብ የሌለው ሰው የስፖርት አዳራሹን በር ጠባቂ ያታልላል፤ የምጣኔ ሀብቱ ቀውስ ወደ ፈረንሳይ በሚገባበት ጊዜ፣ ትኬቱን ከፍሎ የተቀመጠው ተመልካች ላልከፈለው ሰው ያጨበጭባል። ይህ ከሕዝቡ ውስጥ የወጣ ሣቅ ነውና ዛሬም ልቤን ያሞቀዋል። በሁለተኛው ግን ያው ድቡልቡል ፊት፣ ያው ድምፅ፣ ፈረንሳይ በጉልበት ትገዛቸው በነበሩ ሰዎች ላይ ይስቃል። ያ ተወዳጅነቱ ነው ጉዳቱን ያከፋው፤ ሕዝቡ የሚወደው ሰው ሲስቅ አብሮ ይስቃልና። አዛውንቱ የመጀመሪያውን ለልጅ ልጆቻቸው ማሳየታቸውን እንዲቀጥሉ እፈልጋለሁ፤ ልጆቹ አድገው ስለ ሁለተኛው ሲጠይቋቸው ግን «ዘመኑ ነው» ብለው እንዳያልፉት አጥብቄ እለምናቸዋለሁ።