እርማት፦ የባትሪ ድንጋዩ ማነስ የሌዘሩን ጨረር አያደክመውም

ወንድሜ፣ ከዲቪዲ መጻፊያ የወጣን ሌዘር ዳዮድ (ጨረሩን የሚያመነጨውን ትንሽ ዕቃ) በብዕር መሰል የእጅ ባትሪ ቀፎ ውስጥ ስለ መግጠም በሰጡት ማብራሪያ፣ መሣሪያው በሁለት ትንንሽ ድንጋይ ብቻ ስለሚሠራ ዓይን አይጎዳም ብለዋል። የአገጣጠሙ ገለጻ ጥሩ ነው፤ ይህ አባባል ግን እዚህ ባሕር ዳርም በብዙ ሰው ዘንድ የሚነገር ስሕተት ስለሆነ መታረም አለበት።

የጨረሩን ኃይል የሚወስነው የድንጋዩ መጠን ሳይሆን የዳዮዱ ዓይነትና በውስጡ የሚያልፈው ከረንት ነው። ለመጻፍ የተሠራ ቀይ ዳዮድ ከ100 ሚሊዋት በላይ ብርሃን ሊያመነጭ ይችላል፤ የሚፈልገውን 200 ሚሊአምፔር ገደማ ደግሞ እነዚያው ትንንሽ ድንጋዮች ያለ ችግር ይሰጡታል። በአሜሪካ ለሌዘር መጠቆሚያ የተፈቀደው ጣሪያ 5 ሚሊዋት ነው። ዓይናችን ደማቅ ብርሃን ሲያርፍበት በሩብ ሴኮንድ ገደማ ቢከደንም፣ ይህ መከላከያ የሚበቃው ለ1 ሚሊዋት ያህል ጨረር ነው፤ ከዚያ እጅግ የበለጠውን የዓይን ሌንስ ከፀጉር በቀጠነ ነጥብ ሬቲና (ብርሃን ተቀባዩ የዓይን የኋላ ክፍል) ላይ ሲሰበስበው፣ ከመከደናችን በፊት ሊያቃጥለን ይችላል።

በተለይ ማታ ከጣና ዳርቻ ወደ ሐይቁ ማብራት ያሳስበኛል፤ ውሃ ከላይ ቀጥ ብሎ ከሚያርፍበት ብርሃን 2 በመቶ ያህሉን ብቻ ሲመልስ፣ ገጹን ታክኮ ከሚመጣው ግን አብዛኛውን ስለሚመልስ፣ ጨረሩ ታንኳ ላይ ያለ ዓሣ አስጋሪ ዓይን ሊደርስ ይችላል። ለማረፍ ዝቅ ወዳለ አውሮፕላንማ በምንም ምክንያት አይበራም።

መጠቆሚያ ብቻ የሚፈልግ ሰው በዚያው ቀፎ ከ5 ሚሊዋት በታች የሆነ ቀይ ዳዮድ ከከረንት መገደቢያው ጋር ይግጠም፤ ከሲዲ ማጫወቻ የሚወጣው ግን ጨረሩ ለዓይን እምብዛም ስለማይታይ ለዚህ አይሆንም።