ማን አስማላቸው?

የእንግሊዝኛ ዜና ወደ አማርኛ ስመልስ ደጋግማ የምታስቆመኝ አንዲት ግስ አለች፤ «ስዌር ኢን»። ቀላል ትመስላለች። ባለሥልጣን ሥራ ሲጀምር ቃለ መሐላ ይፈጽም የለ? ይህንኑ ነው የምትናገረው። እኛም «እከሌ ቃለ መሐላ ፈጸሙ» ብለን እናልፋታለን። እኔ ግን እንዲህ ስናልፋት አንድ ሰው ከዜናው እየጣልን ነው ባይ ነኝ።

«ስዌር» ብቻውን መማል ነው፣ መሳደብም ይሆናል። «ኢን» ስትከተለው ግን የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት የሚምለው ሰው መሆኑ ይቀርና የሚያስምለው ይሆናል። «ሮበርትስ ስዎር ኢን ኦባማ» የሚለውን ጀማሪ ተርጓሚ «ሮበርትስ በኦባማ ማሉ» ቢለው አይፈረድበትም፣ እኛ የምንምለው «በ» እያልን ነዋ! ትክክሉ «ሮበርትስ ኦባማን አስማሉ» ነው። ያቺ ትንሽ «ኢን» ሰውየውን ወደ ሥልጣኑ የምታስገባው ናት፤ ማስማሉን ደግሞ የእኛዋ «አስ» በአንድ ቃል ትጨርሰዋለች። እንዲህ ያለ ቃል እያለን «ፈጸሙ» ላይ መንጠልጠላችን ያሳዝነኛል።

ማን እንዳስማለ ማወቅ ምን ይጠቅማል የሚል ይኖራል። የአሜሪካን ታሪክ ብቻ እንይ። ሕገ መንግሥታቸው የፕሬዚዳንቱን መሐላ 35 ቃላት አንድ በአንድ አስቀምጦ፣ ማን ያስምል የሚለውን ግን አልጻፈም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1923 ፕሬዚዳንት ሃርዲንግ በድንገት ሲሞቱ ምክትላቸው ካልቪን ኩሊጅ ቬርሞንት፣ አባታቸው ቤት ነበሩ፤ ሌሊት፣ በላምባ መብራት፣ ያስማሏቸው የገዛ አባታቸው ናቸው። አባትየው ሰነድ የሚያረጋግጡ ኖተሪ ነበሩ። ቆይቶ ግን የአንድ ክፍለ ግዛት ኖተሪ የአገር ፕሬዚዳንት ማስማል ይችላል ወይ የሚል ጥያቄ ተነሣና፣ ዋሽንግተን ላይ አንድ ዳኛ በድብቅ እንደገና አስማሏቸው። እዚህ ላይ ነገሩ ሁሉ ያለው አስማዩ ላይ ነው።

ጥር 20 ቀን 2009 እ.ኤ.አ. የሆነውም ያው ነው። ዋና ዳኛው ጆን ሮበርትስ ኦባማን ሲያስምሉ «በታማኝነት» የሚለውን ቃል ከቦታው አንስተው መጨረሻ ላይ አደረጉት፣ ኦባማም ቆም አሉ። በማግስቱ ዋይት ሐውስ ውስጥ መሐላው ለጥንቃቄ ተደገመ። ይህን ዜና «ኦባማ በድጋሚ ቃለ መሐላ ፈጸሙ» ብቻ ብሎ ያነበበ ሰው ስሕተቱን የኦባማ ያደርገዋል።

እኔን ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ግን የ1963ቱ ነው። ኬኔዲ ዳላስ ላይ በተገደሉበት ቀን፣ ገና እዚያው አየር ማረፊያ በቆመ አውሮፕላን ውስጥ፣ ሊንደን ጆንሰንን ያስማሏቸው ዳኛ ሳራ ሂዩዝ ናቸው። የአሜሪካን ፕሬዚዳንት ያስማለች ሴት እስካሁን እሳቸው ብቻ ናቸው። «ጆንሰን አውሮፕላን ውስጥ ቃለ መሐላ ፈጸሙ» ስንል ዓረፍተ ነገሩ ምንም አልጎደለውም፣ ሳራ ሂዩዝ ግን የሉበትም። «ዳኛ ሳራ ሂዩዝ ጆንሰንን አውሮፕላን ውስጥ አስማሉ» ብንል ምን ይከብደናል?